ዓርብ ጠዋት ያጠፋሁት ድምፅ

ፍርሃት ሰውን የት ነው የሚይዘው? ብዙው ሰው ልቤን ይላል፤ ሆዴን የሚልም አለ። እኔን የያዘኝ ጉልበቴ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይነካኝ ሁለቱም ጉልበቶቼ ከዱኝ። ያስፈራኝ ደግሞ ጅብ አይደለም፣ ሽፍታም አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ የወጣች አጭር መስመር ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም። ዛሬ ሳወራው እኔም እስቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ እንተያያለን።

አስቴር እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ጂንካ ነው፤ አባቴ የአሪ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ገበሬም የቤተ ክርስቲያን ዘማሪም። ከሰፈራችን ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ስለነበርኩ ትዕቢቴን አትጠይቁኝ! ስልኩ የተበላሸበት፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እምቢ ያለው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም «እስቲ አምጡት» እያልኩ እንደ ሐኪም ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ። ያወቅሁትም ሆነ ያላወቅሁት ፊቴ ላይ አይለይም ነበር።

የምሠራው በደቡብ ኦሞ ያሉ ሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ እየቀዳ በሚያስቀምጥ ትንሽ ጽሕፈት ቤት ነው። ሦስት ክፍል፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ አንድ ዋና ኮምፒውተር። ኃላፊያችን አቶ ግርማ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሹፌራችን ኦይታ የሐመር ልጅ ሆኖ የካራዎችን ቋንቋ ካርኛንም ይናገራል፣ በአማርኛው ግን ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚለው፤ መንደር ለመንደር እየዞረ ይነዳል፣ ያስቀዳል፣ ይተረጉማል። የተቀዳው ሲመጣ በየመንደሩ ስም ፎልደር ውስጥ ይገባል፦ ካኮ፣ ወይጦ፣ ዱስ።

የሚያስገቡት እትዬ ዘነበች ናቸው። አያታቸው ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት በግድ ነው፤ ጡረታቸው ስድስት ሰባት ዓመት ሲቀረው። ስለዚህ ማሽኑን የያዙት እንደ ወረቀት መዝገብ ነው። ለፋይል ስም ሲያወጡ የደብዳቤ ርእስ የሚጽፉ ነው የሚመስሉት፤ «በካኮ ገበያ ዋዜማ የተቀዳ የሁለት ሽማግሌዎች ጭውውት ያልተጣራ»። እኔ ስስቅባቸው «አንቺ ልጅ፣ ስም እኮ ሲያዩት የሚናገር ነው» ይሉኛል።

አንድ ልማድ ደግሞ አላቸው። በወረቀቱ ዘመን አንድ መዝገብ ላይ አዲስ ነገር ከመጨመራቸው በፊት ያለውን እንዳለ ገልብጠው፣ በገመድ አስረው፣ ላዩ ላይ «አሮጌ» ብለው ጽፈው ለብቻው ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩም ላይ ያንኑ ያደርጋሉ። ዱስ የሚለው ፎልደር ላይ ሊጨምሩ ሲሉ መጀመሪያ ኮፒ አድርገው «ዱስ አሮጌ» ይሉታል። «ዱስ» ብለው፣ ጣታቸውን አንስተው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ «አሮጌ»። እኔ በበኩሌ በፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ አልተውም፤ ቃላቱን በመስመር አያይዛለሁ። ትምህርት ቤት እንደዚያ ስላስለመዱን ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዱስ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የካራዎች መንደር ናት። እርሻቸው የወንዙ ዳርቻ ነው። ውኃው ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ጎድሎ የተወው ጥቁር አፈር ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ያቺ አፈር ሳትደርቅ ያልዘራ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። እዚያ ቢዮ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። የባሏ ወንድም «መሬቱ ለወንድሜ በውሰት የተሰጠ እንጂ የእሷ አይደለም» ብሎ ተነሳባት። መሬቱን ለባሏ ያካፈሉት አይኬ የሚባሉ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ደግነቱ ከመሞታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት የእኛ ሰዎች ዱስ ሄደው ሲቀዱ «ይህንንም ቅዱ» ብለው ስለ ቢዮ መሬት ተናግረዋል። ከዚያ አረፉ። የዱስ ሽማግሌዎች ለእሑድ ተቀጣጠሩና «የአይኬ ቃል ጂንካ አለ ይባላል፤ አምጪውና እንስማ» አሏት። ወንዙ ጎድሏል። ሰኞ የዘር ቀን ነው። ቢዮ ዓርብ በእኛ መኪና ጂንካ ልትገባ፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ድምፁን ይዛ ልትመለስ ተነጋገርን።

እኔ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ምን አደረግሁ? ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ከውጭ የምንሰካው ትርፍ ዲስክ ከወር በፊት ከመኪና ላይ ወድቆ ተሰብሯል፤ ሌላ እንዲገዛ የጻፍነው ደብዳቤ የት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቀው። ቢዮ ከመምጣቷ በፊት ቤቱን ላጽዳ አልኩና «በአሮጌ የሚያልቁትን ፎልደሮች እየፈለግህ አጥፋ» የሚል አጭር ስክሪፕት፣ ለማሽኑ የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ሐሙስ ማታ ቤቴ በራሴ ፋይሎች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ እንደ ውኃ ነው የፈሰሰው። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ዋናው ኮምፒውተር ላይ አስነሳሁት።

ዓይኔን ሳልጨፍን አለቀ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ቀረ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «አሮጌ የሚባል ፋይልም ሆነ ፎልደር የለም»።

መጀመሪያ አልገባኝም። የለም? አሁን አጥፋው ያልኩት እሱን አይደለም እንዴ? ፎልደሮቹን ከፈትኩ። ካኮ አሮጌ፣ ወይጦ አሮጌ፣ ዱስ አሮጌ፤ ሦስቱም ቁጭ ብለዋል። ካኮ ግን የለም። ወይጦ የለም። ዱስ የለም።

ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

እናንተም እንዲገባችሁ ልንገራችሁ፤ ከባድ ነገር አይደለም። ማሽን ትእዛዝ የሚያነበው ቃል በቃል ነው፤ ክፍት ቦታ ሲያይ አንዱ ነገር አልቆ ሌላው የጀመረ ይመስለዋል። እኔ «ዱስ አሮጌ የሚባለውን አጥፋ» ያልኩ መስሎኝ ነበር። እሱ የሰማው «ዱስን አጥፋ፤ ደግሞም አሮጌን አጥፋ» ነው። ዱስን ፈለገ፣ አገኘ፣ አጠፋ። አሮጌን ፈለገ፣ አጣ፣ የለም አለኝ። ስሙን በጥቅስ ምልክት ከግራና ከቀኝ አቅፌው ቢሆን አንድ ስም መሆኑን ያውቅ ነበር። ሁለት ትንንሽ ጭረት ናት የጎደለችው! የራሴ ፋይሎች ስም ክፍት ቦታ ስለሌለው ሙከራዬም አላጋለጠኝም።

የካኮና የወይጦ አሮጌ ኮፒ ሙሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረባቸው ነገር የለም። ዱስ ግን አይኬ የተጨመሩበት ባለፈው ወር ነው። አሮጌው ኮፒ ውስጥ አይኬ የሉም። የመቅጃው ካርድም ለሚቀጥለው ጉዞ ተብሎ ተጠርጓል። የጠረግሁት ራሴ ነኝ።

«ወይኔ ልጅቷ! ወይኔ!» አልኩ፤ ድምፄን እኔው አላወቅሁትም። ከዚያ እጄ ሳያስበው የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው። ከዚያ ቀን የማላፍርባት አንዲት ሥራዬ እሷ ናት።

ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ካልተናዘዝኩ ይህን መጻፌ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣችው ቢዮ አይደለችም። «ስም እንዲህ የሚያወጣው ማን ነው? በክፍት ቦታ ሞልተው ያበላሹት እሳቸው ናቸው» የሚል ነው የመጣልኝ። አቶ ግርማም እትዬ ዘነበችን «ኮምፒውተር የማይችል ሰው» እያሉ ሊያስነሷቸው እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ሰኞ ሲመለሱ «የእትዬ ዘነበች አሰያየም ነው ያጠፋው» ብላቸው ማን ይከራከረኛል? አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፌ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር።

በሩ ተከፈተና እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። «ምነው? መብራት ሄደ?» አሉ፤ ፊቴን አዩ። «አንቺ ልጅ! ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?»

«እትዬ፣ የአይኬን ድምፅ አጠፋሁት» አልኩና ልቅሶዬን ለቀቅሁት። ያቺ የተዘጋጀች ዓረፍተ ነገር የት እንደገባች እንጃ።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። «ረጋ በይና ንገሪኝ። ጠፋ ስትዪ ተቃጠለ ነው? ተቀደደ ነው? ወይስ ቦታው ነው የጠፋን?»

ጥያቄው አነቃኝ። «እትዬ፣ ማሽን ሲያጠፋ ዕቃውን ወዲያው አይጥለውም። ከዝርዝሩ ላይ ስሙን ነው የሚሰርዘው። ዕቃው እዚያው አለ፤ ሌላ ነገር እስኪጫንበት ድረስ። ገመዱን መንቀሌም እንዳይጫንበት ጠቅሞናል።»

«እንግዲያው የተቀደደው መዝገቡ ነው» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ነው ማለት ነው! እኔ እኮ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መደርደሪያውን ሙሉ አውርዶ አንድ በአንድ ማገላበጥ ነው። ተነሺ! እዚህ ማሽን ላይ ምንም እንዳትጨምሪ።» ሄደው በሩን ቆለፉት።

የሚገርመው እኔ አራት ዓመት የተማርኩት ነገር ለእሳቸው በአንድ ጊዜ ገባቸው። ዲስኩን ከዋናው ኮምፒውተር ፈትቼ አወጣሁትና በገመድ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረኝ። የሚያገኘውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ዲስክ ያስፈልገኝ ስለነበር እትዬ ዘነበች ሰርግ ከሚቀርጽ ጎረቤታቸው ለምነው አመጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ፍለጋው ተጀመረ። ስክሪኑ «ብዙ ሰዓት ይቀራል» አለኝ። የሚያገኘው ነገር ሁሉ ደግሞ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ስሙ አንዴ ጠፍቷላ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

ኦይታ በሩን ሲቆረቁር ወጣሁ። «አስቴር፣ ሴትዮዋ መጥቷል» አለኝ እየሳቀ። «መንገድ ላይ ሙሉ የአይኬን ነገር ነው ያወራ። ደስ ብሎታል።»

ቢዮ ከኋላው ቆማለች። ረጅም ሴት ናት፤ የፍየል ቆዳ ለብሳ፣ አቧራው እስከ ጉልበቷ ድረስ አልብሷታል። እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው። ያኔ በእውነት ፈራሁ፤ እስካሁን የፈራሁት ለራሴ ነበር። ይህች ሴት ባዶ እጇን ብትመለስ ሰኞ ዕለት መሬቷ ላይ ሌላ ሰው ይዘራል፤ ልጆቿም ክረምቱን የሰው ደጅ ሲያዩ ይከርማሉ።

«መብራት ስለሄደ ነው በያት፤ ነገ እንሰጥሻለን በያት» አለኝ አንድ ልቤ። እትዬ ዘነበች ከኋላዬ መጥተው በጆሮዬ «ማሽኑ ተበላሽቷል በያት፤ ውሸትም አይደለም» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። ግን ቢዮ እጄን አልለቀቀችም፤ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ኦይታ፣ እንዲህ በላት» አልኩት። «የአይኬን ቃል እኔ ሳላውቅ አጥፍቼዋለሁ። እየፈለግሁት ነው። ላገኘውም ላላገኘውም እችላለሁ።»

ኦይታ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አስቴር፣ እንዲህ ልበለው?»

«በላት።»

ተናገረ። እሷ ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ኦይታ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ።

«አይኬ አንድ ጊዜ ሞቶ ቀብረነዋል ይላል። ደግሞ እዚህ ሁለተኛ ሞተ ነው የምትለኝ? ይላል።»

ቢዮ እጄን ለቀቀች፤ በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ሂድ እረፍ ዘመድ ቤት ብለው እምቢ አለ» አለኝ ኦይታ። «ድምፁ እዚህ ከሆነ እኔም እዚህ ነኝ ይላል።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አሥራ ሁለት ከመቶ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። በመስኮቱ ቢዮን አያታለሁ፤ አትንቀሳቀስም። አባቴ ያስተማረኝን መዝሙር በሆዴ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋብኝ። እትዬ ዘነበች በበኩላቸው ለማርያም ይሳላሉ። ሁለታችንም በየፊናችን እግዚአብሔርን ያዝነው።

አሥር ሰዓት ላይ ፈጣሪ ፈተናውን ጨመረ። መብራት ሄደ። የምን ማስጠንቀቂያ! ከተማው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ላፕቶፔ በባትሪ ቀጠለ፤ ባትሪው ግን ያረጀ ነው፣ አርባ ደቂቃ ቢቆይልኝ ነው። ቢጠፋ ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል፤ ያኔ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት አይደርስም። ጄኔሬተሩ ቤንዚን የለውም። መኪናው የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ አይሆንም።

«ኦይታ!» ብዬ ጮህኩ። ለኦይታ መንገር አላስፈለገኝም፤ ጄኔሬተሩንም ሞተር ሳይክሉንም አንዴ አየና ቱቦ ፈልጎ መጣ። ከሞተር ሳይክሉ ቤንዚን በአፉ ሳበ፣ ተፋ፣ ደግሞ ሳበ፤ በጀሪካን ቀዳ። ቢዮ ተነስታ ጀሪካኑን ያዘችለት። የምን እንደሆነ አላወቀችም፤ የሚያስፈልግ መሆኑን ግን ከፊታችን አይታለች። ጄኔሬተሩ ሦስት ጊዜ ተጎተተ፤ አንገራገረ፣ አልነሳም አለ። ባትሪዬ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። አራተኛው ላይ ተነሳ። ገመዱን ስሰካ ቀዳዳውን ሁለቴ ሳትኩት።

መብራቱ ማታ ተመለሰ። ሌሊቱን ልዝለለው፤ ማናችንም አልተኛንም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፍለጋው አለቀ። በመቶዎች የሚቆጠር ድምፅ፤ ስም የለው፣ መንደር የለው፣ ቀን የለው። ገበያተኛው እየተንጋጋ በበራችን ሲያልፍ እኛ በሩን ዘግተን መስማት ጀመርን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ አይኬን አላውቃቸውም፣ ካርኛም አልሰማም። ኦይታ ይሰማል፤ ሽማግሌ ሁሉ ግን እንዲህ በጥድፊያ ሲሰማ አንድ ይመስላል። «እሱ ይግባ» አለ ኦይታ ወደ በረንዳው እያየ። ቢዮ ገብታ ከስክሪኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር እምቢ አለች። ድምፅ ማጉያውን አጠገቧ አደረግሁላት።

አንዱን ከፈትኩ፤ ዘፈን። ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም። ሌላ፤ የፍየል ጩኸት። አይደለም። ሌላ፤ ገና ሲጀምር ተቆረጠና ጭርርር አለ፤ የተበላሸ ነው። እንዲህ ያለው በመጣ ቁጥር አስባለሁ፤ አይኬ የተበላሹት ውስጥ ቢሆኑስ? ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። የባናኛ፣ የፀማይኛ፣ የሳቅ፣ የሳል፣ የዝናብ ድምፅ። አምስት ሰዓት ሆነ። ኦይታ ሰዓቱን አየ፤ ከሰባት ካለፈ መንገድ ላይ ካለችው ከተማ ቱርሚ ሳይደርስ ዝናብ ይቀድመዋል፣ ደረቅ የነበረውም ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋበታል።

አንዱን ከፈትኩ። ሰው ገና አልተናገረም። ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳል፣ ሁለት ጊዜ።

ቢዮ እጇን አነሳች።

«በርኮታውን አስቀመጠ» አለ ኦይታ እየተረጎመ። «የሚቀመጥበትን። አሁን ይላል፣ አሁን ይመርቃል ይላል።»

እውነትም የሽማግሌ ድምፅ ምርቃት ጀመረ፤ ዙሪያውን ያሉት በአንድነት ይቀበሉታል። ቢዮ ከንፈሯ ከእነሱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ምርቃቱ አለቀ፣ ሽማግሌው ወደ ነገሩ ገባ፤ ኦይታ በጥድፊያ ይነግረናል። «የቢዮ ባል... እኔ አይኬ... በእጄ ሰጠሁት... ውሰት አይደለም... ከሾላው ዛፍ ጀምሮ እስከ...»

ጉርርርርር! ድምፁ በጩኸት ተዋጠ።

«አይ! አይ!» ብዬ ተነሳሁ። ያው የተበላሸው ዓይነት ነው። ልክ ወሰኑ ሲነገር! እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔ ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

ቢዮ እጄን መታችው። መታችው፤ እንደ ልጅ። ከዚያ ሳቀች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጥርሷን ያየሁት። የምትለውን ኦይታ እየሳቀ ተረጎመው። «ጀልባ ነው! የቱሪስት ጀልባ! ያን ቀን በወንዙ አለፈ፤ አይኬ ተናዶ ዝም ብሎ ጠበቀ። አንተም ጠብቅ ይላል።»

ጠበቅን። ጉርርታው ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። አይኬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ካቆሙበት ቀጠሉ። «...እስከ ወንዙ መታጠፊያ ድረስ የቢዮና የልጆቿ ነው። የሚለውጥ ቢኖር እኔን ቀስቅሶ ይጠይቅ።»

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። እኔ መሬት ላይ ቢዮ አጠገብ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እንደገና እንዳሰማት ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ሰማችው።

በኦይታ ስልክ፣ በእኔ ስልክ፣ በሁለት ፍላሽ ቀዳሁት። አንዱን ፍላሽ ቢዮ በክር አስራ አንገቷ ላይ ከጨሌዋ ጋር አደረገችው። ሰባት ሰዓት ላይ ሄዱ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተቀምጠው ሰሙ፤ ኦይታ እንደነገረኝ፣ በርኮታው ጓ ሲል ገና የባሏ ወንድም አንገቱን ደፋ፤ ጀልባው እስኪያልፍም አልጠበቀም፣ ተነስቶ ሄደ። ሰኞ ቢዮ ዘራች።

እኔስ? ሰኞ አቶ ግርማ መጡ። ሁሉንም ሰሙና ወደ እትዬ ዘነበች ዞሩ። «ይኸው! ፋይል ላይ ልብ ወለድ ትጽፊያለሽ!» እትዬ ዘነበች እኔን አዩኝ። ያቺ አፌ ውስጥ የነበረች ዓረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ስሙ ልክ ነበር። ስሙን አክብሬ ያልያዝኩት እኔ ነኝ።»

የደመወዜ ቅጣትና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ይቅር። ግን አቶ ግርማ «ከዛሬ ጀምሮ በፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ክልክል ነው» ብለው ማስታወቂያ ሊለጥፉ ሲሉ አላስቻለኝም። «ጌታዬ፣ ሲጽፉ በስምዎና በአባትዎ ስም መሃል ምን ይተዋሉ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

እናንተ የምታነቡኝ ልጆች፣ ይህን ሥራ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ስሙን እንደ ልቡ ያውጣ፤ ማሽኑ ነው ስሙን መልመድ ያለበት፣ እናንተም ናችሁ ጥቅሱን ማድረግ ያለባችሁ። ስትሞክሩ በራሳችሁ ንጹሕ ፋይል ላይ አትሞክሩ፤ እሱ የሚያሳያችሁ የራሳችሁን ልማድ ነው። እኔ አሁን የምሞክረው በእትዬ ዘነበች ስሞች ላይ ነው። ከማጥፋቴ በፊትም የሚጠፋውን ዝርዝር አስወጥቼ ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢዮ ጂንካ መጣች። አርጅታለች። እሷም ተራዋን ለሴት ልጆቿ መሬቱን እንዴት እንዳካፈለች በድምፅ ልታስቀምጥ ነው። ተቀዳች። እትዬ ዘነበች ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው ነበርና የመጨረሻ ስማቸውን ጻፉላት፤ «ቢዮ ከሾላው እስከ ወንዙ መታጠፊያ ለሁለቱ ሴት ልጆቿ የሰጠችው»። በስንት ክፍት ቦታ! እኔ ወደ ሦስት ዲስክ የሚገለብጠውን ስክሪፕት ላስነሳ ጣቴን አስጠጋሁ።

ቢዮ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ኦይታን አንድ ነገር አለችው። እሱ መተርጎሙን ትቶ መሳቅ ጀመረ።

«ምን አለች? ንገረኝ እንጂ!»

«እኔን ሁለት ጊዜ አትግደለኝ ይላል።»

እሷም ሳቀች፣ እትዬ ዘነበችም ሳቁ። እኔ ግን በግራ እጄ ጉልበቴን ይዤ ነበር ቁልፉን የተጫንኩት።